ሚሞሪው ስንት ነው?

ፒያሳ፣ በጣሊያን ጊዜ ከተሠሩት ሕንፃዎች ሥር ካሉት ሱቆች በአንዱ መስታወት ላይ «በዓሉን ምክንያት በማድረግ ታላቅ ቅናሽ!» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። በዓሉ የትኛው እንደሆነ አልተጻፈም። መጻፍም አያስፈልግም፤ በ44ቱ ታቦት ከተማ ምክንያት የሚሆን በዓል አይታጣም። ወረቀቱን መጀመሪያ ያየሁት ለእንቁጣጣሽ ነው። ለኅዳር ሚካኤል ሳልፍ ጠርዙን ፀሐይ አንጥቶት እዚያው ነበር። ለጥምቀት ግን ገባሁ። ጥምቀት ሲደርስ ጎንደር ውስጥ ከአልጋ እስከ ዶሮ ዋጋው የማይጨምር ነገር የለም፤ የሚቀንስ ነገር ሳገኝ መጠርጠር ነበረብኝ።

ኮምፒውተር የፈለግሁት ለሁለት ጉዳይ ነው። አንደኛዋ ልጄ ናት። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለከፊሉ ተማሪ በኮምፒውተር ከተሰጠ ወዲህ ማታ ማታ የምትጠይቀኝ አንድ ጥያቄ አላት፤ «አባዬ፣ ማውዝ መያዝ የምለማመደው ፈተና አዳራሽ ከገባሁ በኋላ ነው?» ሁለተኛው ጉዳይ የራሴው ነው። 7 ዓመት ሙሉ የምጽፋት ነገር አለችኝ። ቤተሰቡ «መጽሐፉ» ይላታል። ለጊዜው 41 ገጽ ናት።

ዴስክቶፖቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል፤ ዴል፣ ኤችፒ፣ ሌኖቮ። በሰው አገር ቢሮ አገልግለው፣ ጡረታ ወጥተው፣ በዱባይ በኩል ዞረው የመጡ ናቸው። የአንደኛው ጎን ላይ የቀድሞ መሥሪያ ቤቱ የንብረት ቁጥር ሳይላጥ ቀርቷል።

«ሚሞሪው ስንት ነው?» አልኩት ሻጩን። ስለ ኮምፒውተር የማውቃት ጥያቄ ይህችው ብቻ ስለሆነች ድምፄን ወፈር አድርጌ ነው የጠየቅሁት።

«500 ጊጋ፣ ጋሼ።»

500! የስልኬ ሚሞሪ 32 ናት፤ እሷም ከመዝሙር እስከ እህቴ ሠርግ ተጭኖባት ገና አልሞላችም። አጠገቡ ሌላ ነበር፤ ዋጋው ያው።

«ያኛውስ?»

«እሱ 256 ነው፤ ግን ራሙ 8 ነው። ይኼኛው ራሙ 4 ነው።»

«256?» አልኩና ፊቴን አዞርኩ። በጎተራ ሙሉ ዋጋ ግማሽ ጎተራ የሚገዛ ማን ነው? 4 እና 8 ያለውንማ ከቁጥርም አልቆጠርኩት። ከ500 አጠገብ የቆመ 4 ምን ይታያል?

«256ቱ ኤስኤስዲ እኮ ነው፣ ፋዘር።»

ከ«ጋሼ» ወደ «ፋዘር» መውረዴን ያኔ ልብ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ገንዘቤን እየቆጠርኩ ነበር።

ጥፋቱ የቃሉ ነው ባይ ነኝ። እኛ «ሚሞሪ» የሚለውን ቃል የተማርነው ከኮምፒውተር መምህር ሳይሆን ከዘፈን ጫኚ ነው። ጥፍር የምታህል ካርድ እንሰጠዋለን፣ «አዲስ የወጣውን ሙላልኝ» እንለዋለን፣ እሱም ይሞላታል። ስለዚህ ለእኛ ሚሞሪ ማለት ነገር የሚቀመጥበት ነው። የኮምፒውተር ሰዎች ግን ሚሞሪ ሲሉ ራም ማለታቸው ነው፤ ማሽኑ በዚህች ደቂቃ የሚሠራውን ሥራ ዘርግቶ የሚይዝበት ገበታ። ማስቀመጫው ሌላ ነው፤ ሃርድ ዲስክ ወይም ኤስኤስዲ ይባላል። ሻጩ አልዋሸኝም። በሰሙ ጠየቅሁት፣ በሰሙ መለሰልኝ። ሰሙ 500 ነበር፤ ወርቁ 4።

ቤት ገብተን ስንከፍተው ልጄ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች። «አባዬ፣ 465 ነው የሚለው።»

35 ጊጋ የት ሄደ? ወደ ሱቁ ልመለስ ጫማዬን ስፈልግ፣ ለጥምቀት ከዳባት የመጡት አክስቴ ከቡናው አጠገብ ሆነው ጠሩኝ።

«ምን ጎደለህ?»

«ሻጩ 35 አጉድሎብኛል፣ እትዬ።»

«በማን ጣሳ ሰፈረልህ?»

«እንዴት በማን ጣሳ?»

«በሱ ጣሳ ሰፍሮ ሰጠህ፤ አንተ ቤትህ ገብተህ በራስህ ጣሳ ለካኸው። እህሉ ያው ነው። ገበያ ላይ ሁልጊዜ የሚያጣላን ይኸው አይደል? ተቀመጥና ቡናህን ጠጣ።»

አክስቴ ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም፤ መልሳቸው ግን ቁርጥ ያለው እውነት ነው። ፋብሪካው በሺህ እየሰፈረ ይሸጣል፤ ማሽኑ በ1,024 እየሰፈረ ያነብባል። ከባይት እስከ ጊጋ ሦስት ጊዜ ስለሚሰፈር ልዩነቱ እየተጠራቀመ 500 የነበረው 465 ሆኖ ይታያል። አንዲት ፍሬ መንገድ ላይ አልወደቀችም።

የቀረውስ ቢሆን ለምን ሊሆነኝ? አንድ ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አሰላሁት። አንድ የአማርኛ ፊደል በዩኒኮድ ሲቀመጥ ብዙውን ጊዜ 3 ባይት ይወስዳል። በገጽ 1,500 ፊደል ብንል፣ 500 ገጽ ያለው ወፍራም ልብ ወለድ 2 ሜጋ ተኩል አይሞላም። እንዲህ ያለ መጽሐፍ 200 ሺህ ብንከምርበት ዲስኩ ገና ቦታ ይተርፈዋል። የኔዋ፣ እንዳልኩት፣ 41 ገጽ ናት።

የጎደለው ወርቁ ነው። ከ4ቱ ጊጋ ላይ ዊንዶውስ ራሱ ገና ሲነሣ ግማሽ ያህሉን ይወስዳል። ስክሪኑ ላይ ሥዕል የሚያወጣው ክፍል ደግሞ የራሱ ራም ስለሌለው ከዚያችው ይቆነጥራል። በተረፈችው ላይ እኔ ወርድ እከፍታለሁ፤ ልጄ መጥታ ክሮም ትከፍታለች፣ አንድ የፊዚክስ ቪዲዮ፣ አንድ የፈተና ጥያቄ፣ አንድ ደግሞ እኔ ስመጣ የምትዘጋው ነገር። ያኔ ማሽኑ ስታክ ያደርጋል። ራሙ ሲሞላ የተረፈውን ሥራ ወደ ሃርድ ዲስኩ እያወጣ ያስቀምጣል፣ ሲፈልገው ይመልሳል፣ ደግሞ ያወጣል። የሃርድ ዲስክ ነገር በሚሽከረከር ሳህን ላይ ስለሆነ መመላለሱ ጊዜ ይፈጃል። ሣጥኑ ላይ እጄን ሳሳርፍ ውስጡ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፁ በወንፊት ጤፍ የሚነፋ ሰው አለበት ያሰኛል። «ጎንደር» ብዬ ጽፌ፣ ሁለተኛውን ቡና ጠጥቼ ስመለስ፣ «ጎን» ላይ ደርሷል።

ጎረቤታችን መርጌታ የመጡት በዚህ መሃል ነው። የአቋቋም መምህር ናቸው፤ ጎንደር ደግሞ የአቋቋም አገር ናት፣ ማስመስከሪያው በአታ ነው። ለቤተ ክርስቲያኗ ጣሪያ የእርዳታ ደብዳቤ እንድጽፍላቸው ፈልገው ነው። እሳቸው በቃል ያወርዳሉ፣ እኔ እተይባለሁ፣ ማሽኑ ይከተለናል፤ በእግር ነው የሚከተለን። ገጽ ሙሉ ደርሰን «ከታላቅ አክብሮት ጋር» ልንል ስንል መብራት ሄደ።

ለጥቂት ጊዜ ጨለማው ውስጥ ዝም ብለን ተቀመጥን።

«ደብዳቤው የት ሄደ?» አሉ መርጌታ።

«ራሙ ላይ ነበር። ራም መብራት ሲጠፋ የያዘውን ሁሉ ይረሳል። ሴቭ አላደረግሁትም ነበር።»

«ሁሉንም?»

«ማሽኑ በየ10 ደቂቃው በራሱ የሚያስቀምጠው ነገር አለ። ምናልባት ግማሹ ይተርፋል።»

«እኛ የቃል ትምህርት የተማርነው በሌሊት ነው» አሉ፤ በጨለማው ሲስቁ ይሰማኛል። «መብራት የለም፣ መጽሐፍ የለም። ያኔ የያዝነው እስከ ዛሬ አለ። የአንተ ማሽን ግን ጨለማ የሚፈራ ተማሪ ነው።»

ነገሩ አናደደኝና የማሽኔ ጠበቃ ሆንኩ። «ቅኔስ መርጌታ? ቅኔ እኮ አንዴ ከተባለ ተባለ፤ ለሚቀጥለው እሑድ ሌላ ነው የሚቆጠረው።»

«የተባለውን ደግሞ የሚያመጣማ ይሳቅበታል።»

«እንግዲያው ራም ማለት ቅኔ የሚቆጠርበት ቦታ ነው። ድጓው ዲስኩ ላይ ነው።»

ይህን ለረጅም ጊዜ አሰቡበት። በኋላ ለጉባኤ ቃና ስንት ራም እንደሚበቃ ጠየቁኝ። ጉባኤ ቃና 2 ቤት ናት፤ መወድስ 8 ቤት ነው። መወድስ የሚቆጥር ሰው የኋለኛውን ቤት እስኪያሳካ የፊተኞቹን ሁሉ በአንድ ላይ ራሱ ውስጥ ይዞ መቆየት አለበት። «የኔው ማሽን ጉባኤ ቃና ላይ ደህና ነው» አልኳቸው፤ «ክሮም ግን መወድስ ነው።» መብራቱ ሳይመጣ ተሰነባበትን። ደብዳቤውን በማግስቱ በእጃቸው ጽፈው ወሰዱት፤ ጽሕፈታቸው ከኔ ፕሪንተር ያምራል።

ማራኪ ግቢ አካባቢ ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ ልጅ አለ። ሣጥኑን ተሸክሜ ወሰድኩለት። ክዳኑን አንሥቶ አቧራውን በብሩሽ አራገፈ፤ ራሙን በሁለቱ ጫፍ ያሉትን መያዣዎች ወደ ጎን ገፍቶ ነቀለው፤ ከኪሱ የተማሪ ላጲስ አውጥቶ ወርቃማ ጥርሶቹን ፈተገ። በላጲስ! ከዚያ ሌላ 4 ጊጋ አምጥቶ ባዶው ቀዳዳ ላይ ጫነው። ቀጭ አለ። ሥራው ይኸው ነው፤ የከፈልኩት ከዶሮ ዋጋ ብዙም አይበልጥም፣ ያውም ከጥምቀት በኋላ ካለው ዶሮ። «ራሙ ዲዲአር 3 ነው ወይስ 4 የሚለውን ሳይጠይቁ እንዳይገዙ» አለኝ፤ «መሃሉ ላይ ያለችው ስንጥቅ ቦታዋ ይለያያል፣ አይገባም።» ስለ ቅናሹም የነገረኝ እሱ ነው። ማሽኔ 4ኛ ጀነሬሽን ነው፤ ከ8ኛ በታች ያሉትን ኢንቴሎች ዊንዶውስ 11 በደንቡ አይቀበላቸውም። ማይክሮሶፍት ደግሞ የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በየአገሩ ያለ ቢሮ አሮጌውን ማሽን እያወጣ ይጥላል። ምክንያት የተደረገው በዓል ለካ ተዝካር ነበር።

ከወር በኋላ ሃርድ ዲስኩንም አስወጥቼ 256 ኤስኤስዲ አስገባሁ፤ ያችኑ ፊቴን ያዞርኩባትን 256። ማሽኑ ሲነሣ ቡና ለማፍላት ይቅርና ለማማተብም ጊዜ አይሰጥም። ሁለቱን ለየብቻ ስለሞከርኩ ፍርዴን ልናገር፤ 4 ላይ ያለ ሰው መጀመሪያ ራሙን 8 ያድርግ፣ ቀጥሎ ኤስኤስዲ ይግዛ። 16 ቪዲዮ ለሚያቀናብር እንጂ እንደኔ 41 ገጽ ላለው ጌጥ ነው። ለመብራቱ ግን ራምም ዲስክም መድኃኒት አይሆኑም፤ ዩፒኤስ ነው።

500 ጊጋዋስ? ደባርቅ ሄደች። የሚስቴ ወንድም ስሜን ተራሮች ላይ ቱሪስት ይመራል፤ የዋልያና የጭላዳ ፎቶና ቪዲዮ ስልኩን አጨናንቆበት ነበርና በኬዝ አድርጌ ላክሁለት። ለሱ በእርግጥ ጎተራ ያስፈልገዋል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ጨመርኩበት። የሃርድ ዲስክ ማንበቢያ ከሳህኑ ጋር ሳይነካካ የሚንሳፈፈው በስስ አየር ላይ ነው፤ ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። ለዚህ ሲባል አምራቾች ለብዙዎቹ ሃርድ ዲስኮች 3,048 ሜትር ገደማ ላይ ወሰን ያበጁላቸዋል። ደባርቅ ከዚያ በታች ናት። ሳንቃበር ግን ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ግጭና ጨነቅ 3,600 ገደማ ናቸው። «ካምፕ ላይ እንዳትከፍታት» ብዬ ደወልኩለት። «ለኛ የሚበቃ አየር ለሷ አነሳት?» አለኝ። ጭላዳ ያለ ችግር የሚኖርበት ቦታ ዲስኬን አልችል ማለቱ ትንሽ አሳፍሮኛል።

እናንተ ፒያሳ የምትወርዱ ከሆነ «ሚሞሪው ስንት ነው?» አትበሉ። «ራሙ ስንት ነው? ዲስኩ ኤስኤስዲ ነው ወይ? ስንተኛ ጀነሬሽን ነው?» በሉ። ወረቀቱ አሁንም እዚያው መስታወት ላይ አለ፤ የፋሲካ ቅናሽ ሆኗል። ያንን 8 ራም ያለውን ከኔ በረከሰ ዋጋ የገዛ ካለ ግን እባካችሁ አትንገሩኝ።