ማን ማንን ረዳ?

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2021 የኦስካር እጩዎች ሲታወቁ፣ «ጁዳስ ኤንድ ዘ ብላክ መሳያ» (ይሁዳና ጥቁሩ መሲህ) የተባለው ፊልም ሁለት ረዳት ተዋንያን ይዞ ብቅ አለ። ከዳተኛው ጁዳስ ላኪት ስታንፊልድ፣ መሳያው ዳንኤል ካሉያ። የርዕሱ ባለቤቶች ሁለቱም ረዳት ከሆኑ፣ ማን ማንን ረዳ?

«ሽልማት ሽልማት ነው፤ በየትኛው በር ቢገባ ምን አለበት?»

በሩማ ባለቤት አለው! የረዳት ተዋናይ ሽልማት የተጀመረው በ1936 ለወጡ ፊልሞች ነው። እስከ 1943 ድረስ ደግሞ ዋናዎቹ ሙሉ ሐውልት ሲቀበሉ ረዳቶቹ የሚሰጣቸው ሰሌዳ ነበር። ሐውልቱ ስንት ዓመት ቆይቶ ደረሳቸው፤ አሁን ደግሞ ዋናዎቹ መጥተው ሊወስዱባቸው? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ።

1974ን እንይ። የ10 ዓመቷ ቴተም ኦኒል «ፔፐር ሙን» ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አለች፤ ታሪኩም የእሷ ነው። በረዳትነት ታጭታ አሸነፈች። ከተሸነፉት አንዷ በዚያው ፊልም የተጫወተችው እውነተኛዋ ረዳት ማደሊን ካን ናት። ካን ባለ ተረከዝ ጫማዋን አድርጋ፣ እየተንገዳገደች ኮረብታውን ትወጣለች፤ ያኮረፈችውን ልጅ የመኪናውን የፊት ወንበር እንድትለቅላት ስትለማመጥ ኩራቷ ረግፎ እውነቷ ይወጣል። ረዳት ማለት ይህ ነው።

«ቴተም እኮ ልጅ ናት!»

ዕድሜ ሌላ፣ ሚና ሌላ። ኬይሻ ካስል-ሂዩዝ በ2004 በዋና ተዋናይትነት ስትታጭ 13 ዓመቷ ነበር።

«እንግዲያው በደቂቃ ይለካ!»

አይለካም። አንቶኒ ሆፕኪንስ «ዘ ሳይለንስ ኦፍ ዘ ላምብስ» ላይ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይታይ በ1992 በዋናነት አሸንፏል፤ እሱ በሌለበትም ፊልሙ በእሱ ፍርሃት ይተነፍሳል። ቢያትሪስ ስትሬት «ኔትወርክ» ላይ ባሏ ሌላ ሴት መውደዱን ሲነግራት ትቆጣለች፣ ታለቅሳለች፣ ትጠይቀዋለች። ስድስት ደቂቃ ላልሞላ ሚና በ1977 በረዳትነት ተሸለመች፤ ይገባታልም። መለኪያው አንድ ነው፤ ታሪኩ የማን ነው?

«ሁለቱም በዋናነት ከቀረቡ ድምፅ ይሻማሉ!»

በ1985 የ«አማዴየስ» ኤፍ መሪ ኤብራሃም እና ቶም ሃልስ ሁለቱም በዋናነት ታጩ፤ ኤብራሃም አሸነፈ።

«ጥፋቱ የስቱዲዮው ነው!»

ስቱዲዮ ይቀሰቅሳል እንጂ አይመርጥም። እጩዎቹን የሚለዩት ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ አባል የሆኑ ተዋንያን ናቸው፤ ሚናው የት እንደሚመደብ የሚወስነውም የእነሱ ድምፅ ነው። በ2009 ኬት ዊንስሌት ለ«ዘ ሪደር» በረዳትነት ሲቀሰቀስላት ከርሞ፣ መራጮቹ ወደ ዋናው አሻገሯት፤ እዚያም አሸነፈች።

ስለዚህ መራጭ ሆይ፣ ሰበብ የለህም። የሰው ወርቅ አያደምቅም፤ ዋናውን ዋና በል፣ የረዳቱን ለረዳቱ ተው።