አህያውን ተዉት፣ ዳውላውን ምቱት

የውሃ መሥሪያ ቤት ጀማሪ የመስክ ሠራተኛ ያሳዝናል የሚል ሰው በርጫ ላይ በገጠመኝ ቁጥር ይደንቀኛል። ምኑ ነው የሚያሳዝነው? እንደዚህ በብልሃት የታሰበበት የሥራ መደብ በአገራችን ስንት አለ? ልጁ ባይኖር ኖሮ ሐረር፣ ጊደር መጋላ ገበያ አካባቢ ቧንቧው የደረቀበት ሰው ሁሉ ማንን ይሰድብ ነበር? ኃላፊውን እንዳይሰድብ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። ፓምፑን እንዳይሰድብ ፓምፑ ከተራራው ማዶ ነው። መብራቱን እንዳይሰድብ መብራት የሌላ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው። ልጁ ግን አለ። ደብተሩን በብብቱ ይዞ፣ የቧንቧ ቁልፉን ቀበቶው ላይ ሰክቶ በር ያንኳኳል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት ድሮ የፈሪ ሰው ጠባይ ነበር። ዛሬ መዋቅር ተሠርቶለት፣ እርከን ወጥቶለት፣ ማስታወቂያ ተለጥፎለት ሰው ይቀጠርበታል። ይህ ዕድገት ካልሆነ ዕድገት ምንድን ነው?

(እውነተኞቹ የጁገል አህዮች ጀሪካን ተጭነው በዚያው መንገድ ሲያልፉ ማንም አይሰድባቸውም። እነሱ ውሃ ይዘው ነዋ የሚመጡት።)

ማስታወቂያውን በየከተማው ግድግዳ ላይ አንብባችሁታል። ረዳት የቧንቧ ሠራተኛ፤ የሥራ ልምድ 0 ዓመት፤ ሲኦሲ ያለፈ፤ ደመወዝ በመሥሪያ ቤቱ ስኬል መሠረት። ልጁ ቴክኒክና ሙያ ገብቶ ስለ ግፊት፣ ስለ ቫልቭ፣ ስለ ፓይፕ ጥርስ አወጣጥ ተምሯል። ተፈትኖ አልፏል። ሲቀጠር ዶማ ይሰጡታል። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ከነባሮቹ ዋናውን ሙያ ይቀስማል፤ እሱም መልስ አሰጣጥ ነው። መልሶቹ ጥቂት ናቸው፤ «መብራት ጠፍቶ ነው»፣ «መስመር ተሰብሮ ነው»፣ «እየተሠራ ነው»፣ «ነገ ይለቀቃል»። ከአራቱ የትኛው ለየትኛው ሰፈር እንደሚባል የለየ ልጅ የሙከራ ጊዜውን ጨረሰ ማለት ነው። ቢሮው ግድግዳ ላይ የካይዘን አምስቱ ማዎች ተለጥፈዋል። ከማጣራት ጀምረው ይወርዳሉ። ስድስተኛውን ማ፣ ማሳበብን፣ መለጠፍ አላስፈለገም፤ ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል።

ጫማና ጓንት የሚያነሳ ነገረኛ አይጠፋም። አዎ፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ ያቅርብ ይላል። ማን ካደ? ጫማው በግዥ ሂደት ላይ ነው። በዚሁ አዋጅ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ ለግዥ ሂደት ግን ጣሪያ የተቀመጠለት አይመስለኝም። እስከዚያ ልጁ በሸበጥ ጉድጓድ ይወርዳል። የእግሩ ጣቶች ከቧንቧው ጋር በቀጥታ ይተዋወቃሉ፤ ይህንን ደግሞ የትኛውም ኮሌጅ አያስተምረውም።

ደመወዙስ? የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከመስከረም 2018 ጀምሮ 6,000 ብር ሆኗል። ከዚያ በፊት 4,760 ነበር፤ ከዚያም በፊት 1,100። የውሃ መሥሪያ ቤቶች የየራሳቸው ስኬል ቢኖራቸውም ከታች ያለው ሰው ኑሮ ያው ነው። 6,000ውን በወር ለ26 የሥራ ቀን ብናካፍለው በቀን 230 ብር ገደማ ይደርሰዋል። ጊደር መጋላን አቋርጦ እስኪወጣ ድረስ የሚወርድበትን ስድብ በዚህ ላይ ብናሰላው፣ አንዱን ስድብ በሳንቲም የሚቀበል ሠራተኛ አግኝተናል። ከዚህ በላይ ወጪ ቆጣቢ አሠራር ካለ ይነገረኝ።

ቦታውም ለሥራው የተፈጠረ ነው። ኤሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያስገነቡት የጁገል ግንብ ውስጥ፣ በ48 ሄክታር ላይ 368 ኡጋዎች ተሰግስገዋል። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። ቱሪስት ወደነዚያ ጠባብ መንገዶች የሚገባው ግድግዳውን በሁለት እጁ እየነካ ፎቶ ሊነሳ ነው። ልጃችን የሚገባው ዶማና አካፋ ተሸክሞ ነው። ኤክስካቫተር አይገባም፤ ቦቴውም በር ላይ ይቀራል። ያለው ማሽን የልጁ ወገብ ነው። የመስመሩ ካርታ ደግሞ፣ በብዙ ከተማ እንደሚሆነው፣ ጡረታ ሊወጡ ትንሽ የቀራቸው አንድ አዛውንት ቧንቧ ሠራተኛ ጭንቅላት ውስጥ ተቀምጧል። እሳቸው በከዘራቸው «እዚህ ጋ ቆፍር» ይላሉ። ይቆፍራል። ቧንቧው የለም። «ትንሽ ወደ ግራ» ይላሉ። የቅርስ ጥበቃ ሰው መጥቶ ድንጋዩን ማን ነቀለው ሲል አዛውንቱ ሰላት ሄደዋል፤ ልጁ ግን አለ።

የውሃውን ታሪክ ካነሳን ልጁ ምን ያህል እንደተመቸው ይበልጥ ይታየናል። ሐረር ለብዙ ዓመታት ከሐረማያ ሐይቅ ስትጠጣ ኖረች። ሐይቁ ለእርሻው፣ ለጫቱ፣ ለከተሞቹ ሁሉ ሲቀዳለት፣ ደለሉም ሲሞላው፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ጭራሽ ደረቀ። ከዚያ በኋላ ከድሬዳዋ አቅራቢያ፣ ድሬ ጃራ ከሚባለው ቦታ፣ የጉድጓድ ውሃ በአፍሪካ ልማት ባንክ ገንዘብ ወደ ሐረር ተሳበ። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር 1,900 ትጠጋለች። ያ ውሃ ቢያንስ 700 ሜትር ያህል ሽቅብ መውጣት አለበት፤ የሚያወጣው ደግሞ መብራት ነው። መብራት ሄደ ማለት ውሃው ዳገቱ ላይ ቆመ ማለት ነው። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ሐይቁን ያደረቀው፣ ፓምፑን የገዛው፣ መብራቱን የሚያጠፋው፣ ፈረቃውን የሚያወጣው ሁሉ የየራሱ ቢሮ አለው፤ ቢሮውም በር አለው፤ በሩም ጥበቃ አለው። ልጁ የቆመው ከሰንሰለቱ መጨረሻ፣ ጥበቃ የሌለው በር ላይ ነው።

አሁን ወደ ጥበቡ አናት እንምጣ፤ ወደ ቆጣሪ ንባብ። አዲሱ ሠራተኛ ዶማውን አስቀምጦ ደብተር ሲይዝ ወግ ደረሰው ይባላል። ገበያው ጥግ ካለ አንድ ግቢ ገባ እንበል። የቆጣሪውን ክዳን አንስቶ ይንበረከካል፤ አቧራውን በአውራ ጣቱ ይጠርጋል። ጥቁሮቹ ቁጥሮች ሜትር ኩቡን ይናገራሉ፤ ቀዮቹ ሽርፍራፊውን። መሃል ላይ ውሃ ሲያልፍ የምትሽከረከር ትንሽ ኮከብ አለች። ቤቱ ውስጥ ጀሪካኖቹ አፋቸውን ከፍተው ተሰልፈዋል፤ ሮቶው ሲመታ እንደ ከበሮ ይጮሃል። ቧንቧው ሽሽሽ ይላል፤ ጠብታ የለም። ኮከቧ ግን ትሾራለች።

እዚህ ላይ ተንኮል የለም፤ ፊዚክስ ነው። በፈረቃ የሚሠራ መስመር ውሃው ሲቋረጥ አየር ይሞላዋል። ውሃው ሲለቀቅ አየሩን ከፊት ከፊቱ እየነዳ ይመጣል። መካኒካል ቆጣሪ ደግሞ ተሽከርካሪውን ያዞረለትን ሁሉ ይቆጥራል፤ ውሃ ነህ ነፋስ ብሎ አይጠይቅም። መድኃኒቱም የታወቀ ነው፤ መስመሩ ከፍ ያለበት ቦታ ላይ አየር ማስወጫ ቫልቭ መግጠም። ግን ቫልቭ ዋጋ ያስወጣል፤ ነፋስ ገቢ ያስገባል።

«ቧንቧዬ ሲያፏጭ ነው የከረመው። ምን ልትጽፍ መጣህ?» ይላሉ የቤቱ እመቤት።

«እማማ፣ እኔ ቆጣሪው ያለውን ነው የምጽፈው።»

«እሱማ ይላል። አንተ ምን ትላለህ?»

ዝም።

«ስንት አለ?»

«አንድ ሜትር ኩብ ጨምሯል።»

«በጀሪካን ስንት ነው?»

«በሃያ ሊትሩ ሃምሳ።»

«አቦ፣ ሃምሳ ጀሪካን ነፋስ የት አስቀመጥኩት? ቤቱን ፈትሽ!»

ልጁ ደብተሩን ያያል። የቀድሞ ንባብ የሚል አምድ አለ፤ የአሁን ንባብ የሚል አለ፤ ልዩነት የሚል አለ። ነፋስ የሚል አምድ የለም። ስለዚህ ቁጥሩን ይጽፋል፤ ምርቃት ሳይሆን እርግማን ይዞ ይወጣል፤ ወደሚቀጥለው በር ይሄዳል። ሴትየዋ ተሳስተዋል? አልተሳሳቱም። ልጁስ? እሱም አልተሳሳተም። ሁለት ያልተሳሳቱ ሰዎችን በአንድ በር ላይ አጋጥሞ ማጣላት የቻለ አሠራር እንዴት ይናቃል!

ሌላም ጸጋ አለው። ልጁ በየኡጋው ስለሚዞር የሚያፈስ መስመር ከማንም ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው። በታዳጊ አገሮች ከተሞች ከሚመረተው ውሃ ሲሶውና ከዚያም በላይ ገንዘብ ሳይገኝበት እንደሚቀር የዘርፉ ሰዎች በየሴሚናሩ ይናገራሉ። ሴሚናሩ ላይ የታሸገ ውሃ አለ። ልጁ መንገዱ መሃል ሲንፎለፎል ያየውን ሊናገር ቢሮ ሲመጣ በቃል አይሆንም፣ ጻፍ ይሉታል። ይጽፋል። ለቡድን መሪው ይመራል። ቡድን መሪው መስክ ነው ይባላል፤ መስክ ላይ ያለው ግን ልጁ ራሱ ነው። የፈሰሰው ውሃ ቁልቁለቱን ይዞ ከግንቡ ውጭ ሲደርስ ወረቀቱ ገና ከመዝገብ ቤት አልወጣም። ጎረቤት ደግሞ ልጁን ጠርቶ «ውሃ የለም ትላለህ፣ ይኸው መንገድ ላይ ይፈሳል! ውሸታም!» ይለዋል።

በከተማችን በሰዓቱ የሚቀርብ አገልግሎት የለም የሚሉ አሉ፤ ሐሜት ነው። ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ ጅቦች ይጠራሉ፤ በስማቸው ተጠርተው ይመጣሉ፤ ሥጋቸውን በልተው ይሄዳሉ። የጅብ ፈረቃ አይዛነፍም። ቆጣሪ የላቸውም፤ ደረሰኝ አይደርሳቸውም፤ መብራት ቢጠፋም ይበላሉ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ላይ የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ለዜጎች ንጹህ ውሃ እንዲዳረስ ያዝዛል። ለጅቦቹ አቅም ፈቅዷል።

እና ይህ ሁሉ ጥቅም እያለው ልጁ ይታዘንለት፣ ጫማ ይገዛለት፣ ስልጠና ይሰጠው፣ ላየው ብልሽት በቀጥታ ጥገና የሚያዝበት ሥልጣን ይኑረው፣ ደብተሩ ላይ «ቧንቧው አየር ብቻ ይሰጣል» ብሎ የሚጽፍበት አምድ ይጨመርለት የሚሉ ሰዎች ምን አስበው ነው? ያ አምድ ቢጨመር እኮ ቁጥሩ ይደመራል። ከተደመረ ሪፖርት ይሆናል። ሪፖርት ከሆነ አንድ ሰው ስብሰባውን አቋርጦ መልስ መስጠት ሊኖርበት ነው። ዳውላውን ሲመታ የኖረ ሕዝብ ድንገት ቀና ብሎ አህያውን ቢያይስ?

ለነገሩ ሥራው እንዲህ የሚያስቀና ከሆነ ለአንድ ጀማሪ ብቻ መተው ንፉግነት ነው። ስለዚህ ከመምሪያ ኃላፊ ጀምሮ ያለ ሁሉ በወር አንድ ቅዳሜ ደብተር ይያዝና ጊደር መጋላ ላይ ቤት ለቤት ቆጣሪ ያንብብ። ሸበጥ ከቤቱ ያምጣ፤ ጫማው በግዥ ሂደት ላይ ነው። አራቱን መልሶች ልጁ ያስጠናዋል። ወደ ኡጋዎቹ መኪና ስለማይገባ ለሹፌርና ለነዳጅ የሚወጣ በጀት የለም።