ያሆዴ አይነካም

ሆሳዕና ውስጥ «ቅቤ ቀንስ» ብሎ ሰው መምከር ይቻላል፤ መስከረም ገብቶ የሀዲያ ዘመን መለወጫ ያሆዴ ሲቃረብ ግን አይሞከርም። ሴቶቹ ዊጆ የሚባል የቅቤ እቁብ ገብተው ለወራት በተራ ያጠራቀሙት ቅቤ አለ። የበዓሉ ምግብ አታካና ሲቀርብ ቡላው ላይ ቅቤ ካልተንሳፈፈ እንግዳው ዝም ብሎ ይበላል፤ ወሬው ግን ከሱ ቀድሞ ዱራሜ ይገባል።

ፍርድ ካላችሁ ጥፋቱ የእንሰት ነው። ቆጮ ስብ የለውም ማለት ይቻላል፤ ደረቁን ጉሮሮ ላይ ይከራከራል። አያቶቻችን ከቅቤ ጋር አጋቡትና ጋብቻው ጸና። ኦርቶዶክሱ ጎረቤታችን በጾም ወራት እንኳ ከቅቤ ይለያያል፤ እኛ ዘንድ አብዛኛው ሰው ፕሮቴስታንት ስለሆነ ዓመቱን ሙሉ ፍስክ ነው።

አክስቴን ያያት ሐኪም ታዲያ ቅቤ አንጓች አልነበረም። «እማማ፣ የሚረጋ ስብ ሲበዛ ጉበትዎ መጥፎውን ኮሌስትሮል ከደም መልቀም ይሰንፋል። ወደ ፈሳሽ ዘይት ይለውጡ» አላት። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ስብ የሰጠው ጣሪያ ከዕለት ምግብ ኃይል 10 በመቶ ነው፤ 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው 22 ግራም ገደማ። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ሳይሞላ ያልቃል። አክስቴ ይህን ያህል የምታፈሰው ለቅምሻ ነው። «ፀጉሬስ?» ብላ ጠየቀች። ፀጉር አልተከለከለም፤ እፎይ አለች።

አጎቴ ወዲያው ሱቅ ሄዶ ርካሹን ዘይት በጄሪካን ይዞ መጣ። የሆሳዕና ብርድ አደረበትና ጠዋት ረግቶ ተገኘ። አክስቴ በማንኪያ እየቧጠጠች «ፈሳሽ አላለም እንዴ?» ትላለች። ፓልም ነበር፤ ግማሹ ያው የሚረጋ ስብ ነው። የቅቤ ስብ ደግሞ ከሦስት እጅ ሁለቱ ያህል። ቅቤን አባርረን ድሃ ዘመዱን አስገባን ማለት ነው።

የኑግ ዘይት ይሻላል፤ ከአምስት እጅ አራቱ የማይረጋ ነው፣ መዓዛውም ጎመን ያከብራል። ዋጋው ግን አጎቴን ያስላል። እኔ ደግሞ ከከምባታ አቮካዶ አምጥቼ ቆጮ ላይ ቀባሁላት፤ ስቡ አብዛኛው ከወይራ ዘይት ስብ ጋር አንድ ነው። አገላብጣ አየችውና «ይሄ ላም ምን ቢግጥ ነው እንዲህ የለመለመው?» አለች። በላችው ግን፤ በዳጣ።

ድርድሩ እዚህ ደርሷል፦ በአዘቦት ጎመኑ በኑግ፣ ቆጮው በአቮካዶ። ያሆዴ አይነካም። «ሐኪሙም ይጠራ» ብላለች፤ «አታካናው ፊት ቁጭ ብሎ ይከልክለኝ።»