መልክሽን የምታጠፊበት ዘዴ

መጀመሪያ ዘመድ አዝማዱን ስሚ። ከእግዜር ሰላምታ በፊት «ምነው ጠቆርሽ? ፀሐይ መታሽ እንዴ?» የሚሉሽን አክስትሽን እመኛቸው። ሰርግ ቤት ሙሽራዋ ቀይ በመሆኗ ብቻ ስትሞገስ ደግሞ ጆሮሽን ጣል አድርጊ። እንዲህ እየሰማሽ ካደግሽ፣ ፈጣሪ ጠይም አድርጎ ሲሠራሽ ተሳስቷል ብሎ ማመን አያስቸግርሽም።

ቀጥሎ ኮስሞቲክስ ቤት ጎራ በዪ። ባለሱቁ ምልክት በሌለው ትንሽ ብልቃጥ ቀላቅሎ የሚሰጥሽን የሚያቀላ ክሬም ውሰጂ፤ ምን እንዳለበት ግን አትጠይቂ። ክሎቤታሶል ሊኖርበት ይችላላ! ሐኪም ለከባድ የቆዳ ሕመም፣ ያውም ለአጭር ጊዜ፣ የሚያዘው ብርቱ ስቴሮይድ ነው። በየቀኑ ፊትሽን ከተቀባሽው ቆዳሽን ያሳሳዋል፣ ደም ሥርሽን ያወጣዋል፣ ብጉር ያበዛብሻል። ለማቆም ስትሞክሪ ፊትሽ ይግላል፣ ያቃጥልሻል፤ ያን ጊዜ ደንግጠሽ ወደ ብልቃጡ ተመለሺ። ዘዴው የሚጸናው በዚህ መመላለስ ነው።

ሃይድሮኪኖንም አይቅርብሽ። የአውሮፓ ኅብረት በ2001 እ.ኤ.አ. ቆዳ ከሚያቀሉ መዋቢያዎች አግዶታል፤ አንቺ ግን ለዓመታት ተቀቢው። ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ማቅላቱን ትቶ ጉንጭ ላይ ወደ ሰማያዊ ያደላ ጥቁር ነጠብጣብ ሊያወጣ ይችላል፤ እሱን ማጥፋት ደግሞ እጅግ ከባድ ነው። አንዳንዱ ክሬም ውስጥ ባዜቃ አለ፤ የቆዳን ቀለም መሠራት ያግዳል፣ ኩላሊትን ይጎዳል። በፎጣና በአንሶላ አልፎ አብሮሽ ወደሚተኛው ሕፃን ሊደርስ ስለሚችል ልጅሽን አቅፈሽ ተኚ። ስለ ባዜቃ የተደረገው ዓለም አቀፉ የሚናማታ ስምምነት ከሚሊዮን አንድ እጅ በላይ ባዜቃ ያለበት መዋቢያ እስከ 2020 እ.ኤ.አ. መመረቱና መነገዱ እንዲያበቃ ወስኖ ነበር፤ ገበያው ግን አልሰማም።

ነቢዩ ኤርምያስ የማይሆን ነገርን ለማሳየት የኢትዮጵያዊን መልክ መለወጥ ምሳሌ አድርጎ እንደነበር ሲነበብ ስትሰሚ፣ ለሌላ ሰው የተባለ አስመስለሽ እለፊው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ይህ ነው፦ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ለምድር ወገብ ቀርባ ተቀምጣለች። ፀሐይዋ ብርቱ ነው። ሜላኒን ጨረሩን እየመጠጠ የሕዋሳትሽን ዘረመል ይከላከልልሻል። እንግዲህ የተሰጠሽን ጃንጥላ በገዛ ገንዘብሽ ቅደጂውና እኩለ ቀን ላይ ውጪ፤ ዘዴውን የሚያሟላው ይህ ነው።

ዘዴውን ጀምረሽው ከሆነ ግን፣ እህቴ፣ ከዚህ በኋላ ፌዙ ይቅር። ብልቃጡን ከነክሬሙ ይዘሽ ዛሬውኑ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ምን ያህል ጊዜ እንደተቀባሽ ሳትደብቂ ንገሪው። ስቴሮይድ ከሆነ በምን አኳኋን እንደምታቋርጪ፣ ባዜቃ ከሆነ ኩላሊትሽ እንዴት እንደሚመረመር እሱ ይነግርሻል። ሕፃን ካለሽ እሱንም ይዘሽው ሂጂ።