የጅግራዋ ካባ

ተረት ተረት። የላም በረት።

ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ ሲወረድ ሐርቡ የምትባል የቃሉ ወረዳ ከተማ አለች። በዚያ በቦርከና ዳር አንድ ትልቅ ሾላ ነበረ፤ በሾላው ሥር እመት ጅግራ የአራዊቱን ግልገል ሁሉ ታስተምር ነበር። ቀንድ ያላወጣ ሚዳቋ፣ ክራንቻ ያላበቀለ ከርከሮ፣ ዓይኑን በቅጡ ያልገለጠ የቀበሮ ቡችላ ሁሉም የእሷ ተማሪ ነው።

የምታስተምረው ብዙ አይደለም፤ ግን የነፍስ ጉዳይ ነው። «ደሴ ላይ ሲዘንብ የሐርቡ ሰማይ ጠርቶ ሊውል ይችላል። ሰማዩን ተዉት፣ ውሃውን እዩ። ደፍርሶ ቀይ ከሆነ፣ ገለባና ኩበት ካንሳፈፈ፣ ጠጠሩም ከሥር መንኳኳት ከጀመረ፣ እናታችሁ ማዶ ቆማ ብትጠራችሁ እንኳ አትሻገሩ» ትላቸዋለች። ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ዳር ታወርዳቸውና ጆሯቸውን አስጠግተው ጠጠሩን ያዳምጣሉ። ሳይሰማ «ሰማሁ» የሚለውን ወዲያው ታውቀዋለች፤ ዓይኑ ወደ ጓደኞቹ ይሄዳልና። እሱን ደግማ ታወርደዋለች።

አንድ ዓመት ክረምት ሳይገባ እመት ጅግራ ለአራዊቱ ምክር ቤት ሦስት ጥያቄ አቀረበች። ከርከሮዎች ከሾላው በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ እንዲቆፍሩ፤ ዝንጀሮዎች የግራር እሾህ ጎትተው ጅብ የማያልፈው አጥር እንዲያጥሩ፤ ሲያስተምሩ ውሎ መጫር አይቻልምና ለእሷም ከማሽላው ቃርሚያ ድርሻ እንዲቆረጥላት።

ጉባኤው ታመሰ። ከርከሮ «ክራንቻዬ የማን በጀት ነው?» አለ። ዝንጀሮዎች እሾህ እጅ እንደሚወጋ አስረዱ። ጦጢት ደግሞ «ቃርሚያው ከማን ድርሻ ተቀንሶ ነው የሚሰጠው?» ብላ ተነሣች። ሊነካከሱ ሲደርሱ ጸሐፊው ቀበሮ እጁን አወጣ። «ክቡራን አባላት፣ ሁላችንንም የሚያስማማ ሐሳብ አለኝ። እናክብራት!»

እፎይ አሉ። ወዲያው ተረቀቀ፦ «የግልገሎች ትምህርት የአራዊት ሁሉ መሠረት መሆኑን በመገንዘብ፤ እመት ጅግራ ያለ ዕረፍት ማገልገሏን በማስታወስ፤ ለዚህም ዕውቅና መስጠት አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ፤ የሚከተለው ተወስኗል።» የሚከተለውም ሌላ ምስጋና ነበር። አፈ ጉባኤው አያ ዝንጀሮ ጠየቀ፤ «ተቃውሞ? የለም። ድምፀ ተአቅቦ? የለም። በሙሉ ድምፅ ጸድቋል!»

ክብር ያለ ካባ አይሆንም ተባለ። ካባ የሚያምርበት ላባ ያለው ማን ነው? ከእሷ በቀር ማንም የለም። «መዋጮ ነው፣ አይክፋሽ» ብለው ከሁለቱም ክንፏ ላባ ነቀሉና ሰፍተው መልሰው አለበሷት። አጨበጨቡ።

በዓመቱ ያንኑ ሦስት ጥያቄ ይዛ መጣች። ምክር ቤቱ ሰዎች እንዴት እንደሚያደርጉ አይቶ እንዲመጣ ቁራን ላከው። ቁራ ኮምቦልቻን፣ ደሴን፣ አራት ኪሎንም አዳርሶ ተመለሰ።

«ሰዎቹ» አለ ቁራ፣ «ምክር ቤት ሳይኖራቸው በፊት ልጆቻቸውን ሼሁ በሉህ፣ የኔታ በፊደል ገበታ ያስተምሩላቸው ነበር። በ1986 ባወጡት የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ስለ መዋዕለ ሕጻናት ጻፉ፤ መክፈቱን ግን በአብዛኛው ለግል ባለሀብትና ለእምነት ተቋማት ተዉት። ከ2003 ገደማ ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ግቢ ዜሮ ክፍል ከፈቱ።»

«ማመስገንስ አያውቁም?» አለ አያ ዝንጀሮ።

«እንዴታ! መስከረም 25 የዓለም የመምህራን ቀን ነው። ከ2005 ጀምሮም የበጎ ሰው ሽልማት የሚሉት አላቸው፤ መምህሩንም፣ የመንግሥት ኃላፊነቱን በሚገባ የተወጣውንም ያከብራሉ። ግን አያ ዝንጀሮ፣ ሸላሚዎቹ በጀት መመደብ አይችሉም፤ ምስጋና ያላቸው ሰዎች ምስጋናቸውን ሰጡ። ምክር ቤት ግን በጀት በእጁ ነው። በ1987 ባጸደቁት ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ላይ ለትምህርት የሚመደበው በየጊዜው እየጨመረ እንዲሄድ ጽፈዋል። የሚጨምረው ሀብት ነው ይላል፤ ጭብጨባ አይልም።»

ቁራ ለሪፖርቱ በሙሉ ድምፅ ተመሰገነ። እመት ጅግራም ሁለተኛ ካባ ተሰፋላት፤ ከዚያም ሦስተኛ። ክንፏ እየሳሳ ሄደ። ግልገሎቹ ደግሞ ለበዓሉ ዝማሬና ጭብጨባ ሲለማመዱ ስለሚውሉ ወደ ውሃው የሚወርዱበት ጊዜ አጠረ።

በአራተኛው ዓመት የበዓሉ ዕለት ሰማዩ እንደ መስተዋት ጠርቶ ነበር። ግልገሎቹ ተሰልፈው ዘመሩ፣ አጨበጨቡ፣ ሲበተኑም እየሮጡ ወደ ማዶ ወረዱ። ውሃው ቀይ ነበር። ካባ ያልተሰፋ ጊዜ የተማሩት ታላላቆች ዳር ላይ ቆሙ፤ ዝማሬ ብቻ የተማሩት ገቡ። እመት ጅግራ ከላያቸው በርራ ልትጮኽ ተነሣች፤ የተነቀለ ክንፍ ግን ከምድር አላነሣትም። ቦርከና ሦስቱን ወሰደ። ከሦስቱ አንዱ የጸሐፊው ቡችላ ነበር።

ምክር ቤቱ በማግስቱ ተሰበሰበ። ለሟቾቹ የኀዘን፣ ለመምህርቷ የጽናት ምስጋና የሚል የውሳኔ ሐሳብ ቀረበ። አያ ዝንጀሮ እንደ ልማዱ «ተቃውሞ?» አለና መልስ ሳይጠብቅ «የለም» ሊል ሲል፣ ከኋላ አንድ ድምፅ መጣ።

«አለ» አለች እመት ጅግራ። «አንድ ተቃውሞ ይመዝገብልኝ። ምስጋናችሁን አልወስድም።»

እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም። አያ ዝንጀሮ ደንቡን አስነበበ፤ በሙሉ ድምፅ ያላለፈ የክብር ውሳኔ እንዲቀር፣ ክብሩ የተካው ጥያቄ ካለም ወደ ውይይት እንዲመለስ ያዛል። ቀበሮ ብዕሩን ይዞ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ «ተቃውሞ፣ 1» ብሎ ጻፈ።

ሌሊቱን ሙሉ ተከራከሩ፣ ተሰዳደቡ፤ ከርከሮ ሁለቴ ረግጦ ወጥቶ ሁለቴ ተመለሰ። ሲነጋ ቦዩ በአንድ ድምፅ ብልጫ አለፈ፤ ያቺ አንድ ድምፅ የቀበሮ ነበረች። ቃርሚያው ከተጠየቀው ግማሽ ያህል ተፈቀደ። አጥሩ ወደቀ፤ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተቀጠረ። ከርከሮ እያጉረመረመ ቆፈረ፤ እያጉረመረመ የቆፈረው ቦይ ግን በዚያው ክረምት የመጣውን ጎርፍ ቀለበሰ።

በሐርቡ ያሉ ሽማግሌዎች ምክር ቤት ሲሰበሰብ «በሙሉ ድምፅ ካለፈ ማንን አስከፈለ ብላችሁ ጠይቁ» የሚሉት ከዚያ ወዲህ ነው ይባላል።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ፤ በጭብጨባ ግን አይሆንም።