ብቻውን የሠራው አልበም

የእህቴ ልጅ የመጀመሪያ አልበሙን «ያለ አሳታሚ፣ ያለ አቀናባሪ፣ ብቻዬን እሠራለሁ» ብሎ ከተነሣ ወዲህ፣ ጎንደር ማራኪ ባለው ቤታችን ሥራ ያልተሰጠው ነገር የለም። ፍራሾቹ ድምፅ ያፍኑ ተብለው ግድግዳ ላይ ወጥተዋል። በርኖሴ በሩ ላይ ተቸንክሯል። የጎረቤት አውራ ዶሮ ሳይቀር በቀረጻ ሰዓት እንዲታሰር ባለቤቶቹ ተለምነዋል።

እናቱ ስትቆጣ መልሱ አንድ ነው፤ ኃይሉ መርጊያ። የዋልያስ ባንዱ ሰው እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑንና ኪቦርዶቹን ይዞ፣ ከበሮውን ለማሽን ሰጥቶ፣ ብቻውን አልበም ሠርቶ ወጣ። ኋላም ታክሲ ሲነዳ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራው እንደገና ሲታተም ዓለም አወቀውና መድረክ ላይ ተመለሰ።

«አየሽ እማዬ?»

«አየሁ። እሱ ግን የእናቱን ፍራሽ አልወሰደም።»

እኔ ደግሞ አምሃ እሸቴን አነሣበታለሁ። ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በተሰጠበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ ውጭ አገር አሳትሞ ያስገባ ወጣት ነበር። ያ ሰው የደፈረው አዋጅ ነው። የኛው ልጅ የሚዳፈረው መብራትን ነው፤ እሷም የምትሄደው ድምፁ ሲያምርለት ጠብቃ ነው።

አልበሙ የጎንደር ለዛ እንዲኖረው መሰንቆ አስፈለገና አንድ አዛውንት አዝማሪ ከቡርቧክስ መጡ። ክረምት ስለነበር የመሰንቆው ቆዳ ላልቷል፤ እህቴ የቡናውን ከሰል አስጠጋችላቸው። ቆዳው እስኪከር አቦል ተጠጣ፣ ቶናም ተከተለ።

ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ተደረገላቸው። ጥቂት ሰምተው አወለቁት።

«ልጄ፣ የሆነ ቦታ ቧንቧ ያንጠባጥባል።»

ምት የሚቆጥረው ሜትሮኖም ነበር። (ጎንደር ላይ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ከተገኘማ ቀረጻው ቀርቶ ጀሪካን ነው የሚያዘው።)

መጫወት እንደ ጀመሩ የእህቴ ልጅ «አባባ፣ አሁን ያሉትን ስንኝ ይድገሙልኝ» አላቸው።

«እሱማ ተባለ!»

ዕድሜ ልካቸውን የሰው ፊት እያዩ ስንኝ ሲቋጥሩ ለኖሩ ሰው ማይክ ምን ፊት አለው? ዞር ዞር ብለው አዩና እህቴን ስሟን ጠየቋት። ከዚያ መልኳ፣ ቡናዋ፣ እጇ፣ ደጇ ሁሉ ተወደሰ። የፍራሹ ነገር ተረሳ። እኔም ደሜ ሞቆ «ተቀበል!» ብዬ ጮህኩ፤ እሱም ተቀረጸ።

በመካከሉ ቀጥ አሉ። ደጋኑ አየር ላይ፣ ዓይናቸው እኔ ላይ። የእህቴ ልጅ «ምን ሆኑ?» ብሎ በእጁ ይጠይቀኛል። አዝማሪ ለምን እንደሚቆም ከጎንደር ልጅ ይሰወራል? ኪሴን በርብሬ መቶ ብር አወጣሁና ግንባራቸው ላይ ለጠፍኩ። መሰንቆው ከቆመበት ቀጠለ።

ያን ቦታ ልቁረጥ ቢል እናቱ «ስሜ ያለበት ዘፈን አይነካም» አለች። እንዳለ አዲስ አበባ ላለ ሙዚቃ አዋቂ ጓደኛው ላከው። መልስ መጣ፦ «ሁሉም ደህና ነው። መካከል ላይ ያለችው ዝምታ ግን ትለያለች፤ እንዴት አሰብካት?»

የኛው ጠቢብ «ብዙ ተጨንቄባታለሁ» ብሎ ጻፈለት። መቶ ብሬን ግን እስካሁን አልመለሰልኝም።