መቶ በመቶ

እ.ኤ.አ. በ1999 ብራድ ፊትዝፓትሪክ የመሠረተው የብሎግ ድረ ገጽ ላይቭጆርናል ለተጠቃሚዎቹ የፈቀደው የመለያ ምስል ቢበዛ 100 በ100 ፒክስል፣ መጠኑም ከ40 ኪሎባይት የማያልፍ ነበር። ለተራ ሰው ይህ የጉርድ ፎቶ ቦታ ነው። እነዚህን ትንንሽ ምስሎች ለሚሠሩት ጠቢባን ግን የቤተ መንግሥት ጣሪያ ሆነላቸው።

አሠራሩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከሃሪ ፖተር ፊልም አንድ ፎቶ ተወስዶ በፎቶሾፕ ይከፈታል። ፊቱ ይቆረጥና አንድ ዓይንና የአፍንጫ ጫፍ ይቀራሉ፤ ሙሉ ፊት ማሳየት የጀማሪ ነውር ነው። ከዚያ ምስሉ በራሱ ላይ ይደረብና ድርቡ «ሶፍት ላይት» በተባለው የማዋሃጃ ስልት ይደረጋል። በላዩ ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ይለብሳል፤ በዚያ ላይ የተቧጨረ አሮጌ ወረቀት፣ በወረቀቱ ላይ በብሩሽ የተረጨ ኮከብ። በመጨረሻ ዓይኑም አይታይም። ሥራው ተሳካ ማለት ነው።

ጽሑፍም አለው። ፊደሎቹ ከማነሳቸው የተነሳ ነጠብጣብ ይመስላሉ። አጉሊ መነጽር ይዞ የሚጠጋ ሰው የባሰ ነጠብጣብ ያያል፤ ጥፋቱም የራሱ ነው፣ ጽሑፍን ለማንበብ መሞከሩ።

ከሁሉ የሚያስመሰግነው የጠቢባኑ ሕግ ነው። የሠሪውን ስም ሳይጠቅስ ምስሉን የወሰደ ሌባ ነው። ቀለሙን መቀየር ክልክል፣ ቃል መጨመርም ክልክል፤ የሰው ላብ ነውና ይከበር! ብሩሹን የሠራው ሰው ስም እንኳ በክብር ይመዘገባል።

የፊልሙ ባለቤት ዋርነር ብራዘርስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም።